እንጨት በል ፈንገስ ውሃ ውስጥ፦ የሐዋሳ አንድ የባዮሪአክተር ሙከራ ከእነ ጣጣው

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ዝናብና ጎርፍም ይጨምሩበታል። የገባው ውሃ ወይ ይተናል ወይ ወደ መሬት ይሰርጋል። በቀላሉ የማይፈርስ ነገር ከውሃው ጋር ከገባ ግን እዚያው ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ሆኖ የተነደፈውም ሐይቁ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ትልቁ ፓርክ ትልቅ ማጣሪያ አለው። ትንንሽ ክር አቅላሚዎች ግን ያን ዓይነት ማጣሪያ ከየት ያመጣሉ? ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ከእነሱ ስለ አንዱና ሊረዳው ስለሞከረ አንድ ቡድን ነው። ቡድኑ ትንሽ ነው፤ አንድ መምህር፣ ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች፣ አንድ የጥገና ባለሙያ፣ ከዚያ ደግሞ በጓሮዋ እንጉዳይ የምታመርት አንዲት እናት። እኔ ሥራውን አጠገባቸው ሆኜ ተከታትያለሁ።

አቅላሚው ለሸማኔዎች የጥጥ ክር ያቀልማል። የሚጠቀመው ሪአክቲቭ የሚባሉትን ቀለሞች ነው። እነዚህ ከጥጥ ጋር በደንብ ይጣበቃሉ፣ በቀላሉም አይለቁም። ችግሩ ከተጨመረው ቀለም ጥቂት የማይባለው ክሩን ሳይዝ ከውሃው ጋር መውጣቱ ነው። ሰውዬው ለመምህሩ ያቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር። «ዶክተር፣ ጎረቤት ሰማያዊ ውሃ እያየ ነው። ቀለሙን የሚያጠፋ ነገር ካላችሁ እከፍላለሁ።»

መምህሩ ወደ ፈንገስ የሄደው በምክንያት ነው። እንጨትን ጠንካራ የሚያደርገው ሊግኒን የሚባል ነገር ነው። ሊግኒን እንደ ስታርች አንድ ዓይነት ቁራጭ እየተደጋገመ የተሠራ አይደለም። ቀለበት ቀለበት የሆኑ ሞለኪውሎች በየአቅጣጫው የተያያዙበት ዝብርቅርቅ ነው። ብዙ ተሕዋስያን አፍ የሚያስገቡበት ቦታ ያጣሉ። ነጭ አበስባሽ የሚባሉት ፈንገሶች ግን መላ አላቸው። ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ከሰውነታቸው ውጭ ይረጫሉ። ኢንዛይሙ ሊግኒኑን እየመረጠ አይቆርጥም፤ ኤሌክትሮን እየነጠቀ እንዳይረጋ ያደርገዋል፣ ከዚያ ራሱ ይፈርሳል። የጨርቅ ቀለምም ከእነዚያው ቀለበቶች ነው የተሠራው። ለሊግኒን የተዘጋጀ መሣሪያ ቀለምንም የሚነካው ለዚህ ነው።

ከነዚህ ኢንዛይሞች ቡድኑ የመረጠው ላኬዝን ነው። ዮሺዳ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1883 ከአንድ ዛፍ ወተት ውስጥ ያገኘው ነው፤ ጃፓኖች በዚያ ወተት የእንጨት ዕቃ ይቀቡበታል። ላኬዝ በውስጡ አራት የመዳብ አተሞች ይዟል። የሚፈልገው ከአየር የሚገኝ ኦክስጅን ብቻ ነው፣ ኦክስጅኑም መጨረሻ ላይ ውሃ ይሆናል። ፔሮክሲዴዝ የሚባሉት ዘመዶቹ ግን ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ይፈልጋሉ፤ ለትንሽ ወርክሾፕ ያ ሌላ ወጪና ሌላ ጥንቃቄ ነው።

ፈንገሱን ፍለጋ ሩቅ አልተሄደም። ኦይስተር እንጉዳይ ራሱ ነጭ አበስባሽ ነው። የሚበላ ነው፣ ከተማው ውስጥ አለ፣ ላኬዝም ያመርታል። እናትየዋ ጓሮ በሰጋቱራና በፉርሽካ የተሞሉ ከረጢቶች ተሰቅለዋል። ተማሪዋ «እትዬ፣ ከዘሩ ትንሽ ይሰጡን?» አለቻት። «ውሰዱ ልጆቼ» አለች እናትየዋ። «ግን ይሄ ሰጋቱራ ላይ ነው የለመደው። ውሃ ውስጥ ከከተታችሁት ምን ዓይነት መልክ ይይዛል?»

ይህ ጥያቄ በኋላ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ሆነ። ስለ ኢንዛይም ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «የትኛው ፈንገስ?» ብሎ ነው። ሐዋሳ ላይ ያየሁት ግን ያው አንድ ፈንገስ፣ ያው አንድ ምግብ፣ በያዘው መልክ ብቻ ብዙ ኢንዛይም ሲሰጥና ምንም ሳይሰጥ ሲቀር ነው።

መጀመሪያ ግን ፈንገሱ ላኬዝ ማምረቱን ማየት ያስፈልግ ነበር። ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ፤ ባቨንዳም የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1928 ያስተዋወቀው። አጋር በሚባል እንደ ጄሊ በረጋ ነገር ላይ ታኒክ አሲድ ተጨምሮ ፈንገሱ መሃል ላይ ይቀመጣል። ሊግኒን የሚያጠቁ ኢንዛይሞች ካሉ ዙሪያው ቡናማ ቀለበት ይሠራል። የእናትየዋ ዘር ቀለበቱን ጥርት አድርጎ ሠራ።

ቀጥሎ ዕቃው መጣ። ላብራቶሪው ውስጥ አንድ ፋብሪካ ሠራሽ ባዮሪአክተር፣ ማለትም ተሕዋስያን በቁጥጥር የሚያድጉበት ዕቃ ነበር፤ 5 ሊትር የሚይዝ፣ ማማሰያ ያለው፣ የፒኤች (የአሲድነት መጠን) እና የኦክስጅን መለኪያ የተሰካበት። ለባክቴሪያ ግሩም ዕቃ ነው። ፈንገሱ ገብቶ ጥቂት ቀናት ሲያልፉ የፈንገሱ ቀጫጭን ክሮች ማማሰያው ላይ ተጠመጠሙ። መለኪያዎቹንም ሸፈኑ። በመስታወቱ በኩል ሲታይ እርጥብ ሱፍ በብረት ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ይመስል ነበር፤ ዙሪያው ያለው ፈሳሽ ደግሞ ባዶ። የኦክስጅን መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር የፈሳሹ ሳይሆን የሸፈነው ፈንገስ ሆነ። ማማሰያው ሲፈጥን ክሮቹ ተበጣጠሱ፣ ሲዘገይ ተጠቀለሉ። ኢንዛይሙ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

የጥገና ባለሙያው ሌላ ሐሳብ አመጣ። ማማሰያ ይቅር አለ። ረጅም የመስታወት ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከታች አየር ይግባ፣ አረፋው ራሱ እያማሰለ ይውጣ። አየሩ ከዓሣ ገንዳ ፓምፕ መጣ። ቀዳዳው 0.2 ማይክሮን በሆነ ፊልተር አልፎ፣ በሲሊኮን ቱቦ ወርዶ፣ ከታች ባለ ቀዳዳማ ድንጋይ ይወጣል። የሚጠመጠምበት የሚሽከረከር ነገር የለም። ለአንድ ሊትር ፈሳሽ በደቂቃ አንድ ሊትር ገደማ አየር ተሰጠው።

የፈንገሱ መልክም ተቀየረ። ከአጋር ላይ የተቆረጡ ቁራጮች እንዳሉ ሲገቡ ጥቂት ትልልቅ ኳሶች ይሆናሉ። ቁራጮቹ ቀድመው በንጹህ ብሌንደር ለአጭር ጊዜ ሲፈጩና በብዛት ሲገቡ ደግሞ ብዙ ትንንሽ እንክብሎች ይወጣሉ። ልዩነቱ የውበት አይደለም። ኦክስጅን ከእንክብሉ ገጽ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ያህል ነው። ከዚያ በታች ያለው ክር ይታፈናል። ተማሪዋ አንዱን ትልቅ ኳስ በምላጭ ለሁለት ከፍላ አሳይታኛለች። ዳሩ ነጭና ጠንካራ ነው። መሃሉ ቢጫ፣ ላላ ያለ፣ አንዳንዱም ባዶ ነበር። ምግብ የበላው መላው ኳስ ነው፣ ኢንዛይም የሚሠራው ግን ዳሩ ብቻ።

እዚህ ላይ የሐዋሳ ከፍታ ነገሩን ያከብደዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ባሕር ዳርቻ 7.8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ ሐዋሳ ላይ 6.4 ገደማ። ከውጭ የመጣ መመሪያ «ይህን ያህል አየር በቂ ነው» ሲል የሚያስበው ስለ ባሕር ዳርቻ ነው። እዚህ ወይ አየሩ ይጨመራል ወይ እንክብሉ እንዲያንስ ይደረጋል። ቡድኑ ሁለቱንም አደረገ።

ከፍታው በሌላም በኩል መጣ። የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ደፈረሱ፣ ጠረናቸውም ኮመጠጠ። ባክቴሪያ ገብቶባቸዋል። እጅ ተመረመረ፣ ፊልተር ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘም። ጥፋቱ ማምከኑ ላይ፣ ማለትም ዕቃውና ምግቡ ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያን በሙቀት መግደሉ ላይ ነበር። ቡድኑ የሚጠቀመው በፕሬዠር ኩከር ነው፤ ግፊቱ 15 ፒኤስአይ ሲደርስ «121 ዲግሪ ሆኗል» ተብሎ 15 ደቂቃ ይቆጠራል። ግን የድስቱ ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። የውጭው አየር እዚህ ቀላል ስለሆነ ያው 15 ፒኤስአይ የሚሰጠው እንፋሎት 118 ዲግሪ ገደማ ነው። ሦስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ለባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ባክቴሪያ ክፉ ጊዜን ለሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጽ ግን፣ በየ10 ዲግሪው የሚያስፈልገው ጊዜ አሥር እጥፍ ነው የሚለዋወጠው፤ በዚህ ሒሳብ ሦስት ዲግሪ ሲጎድል ጊዜው እጥፍ ይሆናል። 15 ደቂቃው 30 መሆን አለበት ማለት ነው። ምግቡ ውስጥ ደግሞ ፉርሽካ አለ። ፉርሽካ ሙቀት የሚችሉ ስፖሮች የሚበዙበት ነገር ነው። ጊዜው ሲረዝም ድፍርሱ ቆመ። ደጋ ላይ በፕሬዠር ኩከር የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል፤ የእንጉዳይ ዘር የሚያዘጋጁትንም ይመለከታል።

ምግቡ ራሱ ቀላል ነው። ጥቂት ግሉኮስ፣ ጥቂት የእርሾ ተዋጽኦና በውሃ የተፈላ ፉርሽካ። ፉርሽካው ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ ይመግባል። ሁለተኛ በውስጡ ከሊግኒን ጋር የሚዛመዱ እንደ ፌሩሊክ አሲድ ያሉ ነገሮች ስላሉ ፈንገሱን «እንጨት አጠገብህ ነው» ይሉታል፣ ላኬዝም ይጨምራል። ከሲዳማ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚገኘው የቡና ገለፈትም ተሞክሯል። ፈንገሱ ወዶታል፣ ግን ገለፈቱ ፈሳሹን ያጠቁረዋል። ቀለም ለማጥፋት የተነሳ ሰው ቀለም ሲጨምር ይገኛል። ስለዚህ ገለፈቱ ለእናትየዋ ከረጢት ተመለሰ።

መዳብም ያስፈልጋል። ኢንዛይሙ የመዳብ አተም ስለሚይዝ፣ መዳብ ሲኖር ፈንገሱ ላኬዝ የሚያሠሩትን ጂኖችም ያነቃል። መጠኑ ግማሽ ሚሊ ሞላር፣ ማለትም በሊትር 125 ሚሊ ግራም ያህል ኮፐር ሰልፌት ነው። ቁምነገሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ከገባ ገና ያልበረታውን ፈንገስ ይመርዘዋል። እንክብሎቹ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጠንከር ሲሉ ሲገባ ግን ኢንዛይሙ በቀጣዮቹ ቀናት ሽቅብ ይወጣል። ልኬቱ የሚደረገው ኤቢቲኤስ በሚባል ኬሚካል ነው። ላኬዝ ሲነካው ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ይለወጣል፣ የለውጡ ፍጥነትም በ420 ናኖ ሜትር ብርሃን ይለካል። ውድ ኬሚካል ነው። ተማሪዎቹ በጠብታ ነው የሚቆጥቡት።

ሁለት ተግባራዊ ጣጣዎች ሳይነሱ አይታለፉም። አንዱ አረፋ ነው። ፉርሽካ ፕሮቲን አለው፣ አየር ሲገባበት ይፈላል። አረፋው ወጥቶ የላይኛውን ፊልተር ካራሰ አየር መውጫ ያጣል፣ ክዳኑም ይፈነቀላል። የጥገና ባለሙያው በቱቦውና በፊልተሩ መካከል ባዶ ጠርሙስ አስገባ፤ አረፋው እዚያ ይቀራል። ምግቡ ከመምከኑ በፊት ጠብ የምትደረግ የምግብ ዘይትም ታግዛለች።

ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል። እንክብሎቹ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፣ ተከምረውም የቀረችውን ኦክስጅን በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳሉ። ለሰዓታት ከቆየ በኋላ መብራቱ ቢመጣም ኢንዛይሙ እንደ ቀድሞው አይሆንም። እዚህ ላይ የአየር ቱቦው ጥቅም ጎልቶ ታየ። ማማሰያ ያለውን ዕቃ ለማቆየት ጄኔሬተር ይጠይቃል። ቱቦውን ግን አንድ የሞተር ሳይክል ባትሪና በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ሌሊቱን ያሻግሩታል። የሐዋሳ አየርም ይረዳል፤ ፈንገሱ የሚወደው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ስለሆነ ቀን ላይ ማሞቂያ ብዙም አያስፈልግም።

ከዚያ ቀለሙ ተሞከረ። ሁሉም የጠበቀው ቀን ነበር። ሬማዞል ሰማያዊ ቀለም በቱቦው ውስጥ ገባ። በማግስቱ ፈሳሹ ነጽቶ ተገኘ። አንዱ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። መምህሩ ግን ወደ እንክብሎቹ ጠቆመ። ሰማያዊ ሆነዋል።

ይህ በዚህ ዘርፍ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር ነው። ፈንገስ ቀለምን ሳያፈርስ ሰውነቱ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ያኔ ችግሩ ከውሃው ወደ ፈንገሱ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። መለያው ቀላል ነው። አንዱ ቱቦ ውስጥ በሕይወት ያለ ፈንገስ፣ ሌላው ውስጥ ተቀቅሎ የሞተ ፈንገስ፣ ሦስተኛው ውስጥ ተጣርቶ ክር የሌለበት ፈሳሽ ብቻ ይገባል። የሞተው ቀለሙን ሲቀንስ እንክብሉ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሕያው የሆነው መጀመሪያ ሰማያዊ ሆነ፣ ቀናት ሲያልፉ ግን መልሶ ነጣ። ክር የሌለበት ፈሳሽም ብቻውን ሰማያዊውን አጠፋ። ኢንዛይሙ እውነትም ይሠራል ማለት ነው። ይህ ውጤት ከፎቶው ይልቅ አስደስቶኛል።

ጥቁሩ ግን እምቢ አለ። ሪአክቲቭ ብላክ 5 የሚባለው ቀለም አዞ ከሚባለው ወገን ነው፤ ሰማያዊው ደግሞ ከአንትራኪኖን ወገን። ላኬዝ አንትራኪኖንን በቀላሉ ያገኛል፣ ብዙዎቹን አዞ ቀለሞች ግን ያለ አገናኝ አይደፍራቸውም። አገናኙ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ኢንዛይሙ አገናኙን ያነቃል፣ አገናኙ ሄዶ ቀለሙን ይነካል። እንደ ሲሪንጋልዲሃይድ ያሉ ከሊግኒን የሚገኙ አገናኞች አሉ። ዋጋቸው ግን ለክር አቅላሚ አይሆንም።

ከላብራቶሪ የተቀላቀለ ቀለም ወደ እውነተኛው ፍሳሽ ሲኬድ ሌላ ግድግዳ ተገኘ። አቅላሚው ቀለሙን ክር ላይ ለማስያዝ ብዙ ጨውና ሶዳ አሽ ይጨምራል። የገንዳው ፒኤች ከ10 በላይ ነው። የእንጉዳይ ላኬዝ በአብዛኛው የሚወደው ከ4 እስከ 6 ያለውን ነው። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድም ራሱ ላኬዝን ያዳክማል። ጄሪካን ተሞልቶ ከወርክሾፑ የመጣው ፍሳሽ እንዳለ ሲሞከር ኢንዛይሙ ምንም አልሠራም።

መምህሩ ለአቅላሚው ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገረው። ሰውዬው ትንሽ አሰበና «ሁሉም ውሃዬ እኮ አንድ አይደለም» አለ። ልክ ነበር። ክሩ ከቀለም ገንዳው ከወጣ በኋላ ደጋግሞ ይታጠባል። የመጨረሻዎቹ እጣቢዎች ጨውም ሶዳም የሳሳባቸው ናቸው፣ መጠናቸው ግን ብዙ ነው። አሁን ሁለት ገንዳ ሠርቷል። ጨዋማው የቀለም ገንዳ ውሃ ለብቻው ተጠራቅሞ በፀሐይ ይተናል፤ ዝቃጩ በከረጢት ተይዞ ይቀመጣል። እጣቢው ደግሞ በጥቂት አሲድ ፒኤቹ ወርዶ ኢንዛይሙ ይጨመርበታል። ሰማያዊና አረንጓዴ በሚቀለምበት ሳምንት ጥሩ ይሠራል። ጥቁር በሚቀለምበት ሳምንት አይሠራም፣ ያን ጊዜ እጣቢውም ውሃው ወደሚተንበት ገንዳ ይሄዳል።

ኢንዛይሙን ማጣራትና ማድረቅ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። እኔ ቡድኑ መተዉ ትክክል ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጂንስ ለማንጣት በፋብሪካ የሚመረት ላኬዝ በዓለም ገበያ አለ። የሚመረተውም ጂኑ በገባበት ሌላ ሻጋታ፣ በትልልቅ ታንክ ነው። ከዚያ ጋር በንጽሕናም በዋጋም መፎካከር አይቻልም። ሐዋሳ ላይ የሚያዋጣው ያልተጣራው ፈሳሽ ራሱ ነው፣ በተመረተበት ከተማ፣ በቀናት ውስጥ ከሰባ ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ሥራ ላይ ሲውል። እንክብሎቹም አይጣሉም። ፈሳሹ ተቀድቶ ሲወጣ ከታች ይቀራሉ፣ አዲስ ምግብ ይፈስባቸዋል፣ እንደገና ያመርታሉ። መጠናቸው ሲያድግ ብቻ ነው የሚቀየሩት፤ መሃላቸው መታፈን ሲጀምር የኢንዛይሙ ልኬት ቀድሞ ይናገራል።

አሁን ተማሪዎቹ የያዙት ሥራ የነጻው ውሃ በእርግጥ ጉዳት የሌለው መሆኑን ማየት ነው። ቀለም ጠፋ ማለት መርዝ ጠፋ ማለት አይደለም፤ የቀለም ስብርባሪ አንዳንዴ ከቀለሙ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ የጎመን ዘር በሦስት ሰሃን ተዘርቷል፤ አንዱ በቧንቧ ውሃ፣ አንዱ ባልታከመ እጣቢ፣ አንዱ በታከመው። የሚለካው የሥሩ ርዝመት ነው። ያ ውጤት እስኪመጣ ድረስ አቅላሚው የታከመውን ውሃ ወደ ቦይ አይለቅም። ለሚቀጥለው ክር የመጀመሪያ እጥበት መልሶ ይጠቀምበታል።